ባለቤት ያለው ምድረ በዳ

እኛ ደገኞች በረሃን የምናውቀው በቁልቁለት ነው። ከደጋው ወርደን፣ ወይና ደጋውን አልፈን፣ ወላፈኑ ፊታችንን ሲገርፈው ያኔ በረሃ ገባን እንላለን። ብርዱ የከፍታው ነው፤ ከፍታው ደግሞ የገብስና የባቄላ፣ የጉምና የዝናብ አገር ነው። በደቡብ ምዕራብ ቦሊቪያ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እዚያ በረሃ የሚገባው ሽቅብ እየተወጣ ነው። ምድሩ ከ3,600 ሜትር ተነስቶ እስከ 5,000 ሜትር አካባቢ ይዘልቃል፤ ከራስ ደጀን አናት በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመኪና ይነዳል። እርሻ እየራቀ፣ ዛፍ እየጠፋ ይሄዳል። በምሥራቅ የአንዲስ ሰንሰለት የአማዞንን እርጥበት አግዶ ያስቀረዋል፤ በምዕራብ በኩል ያለው የፓሲፊክ ውሃ ቀዝቃዛ በመሆኑ ዝናብ አይልክም። የሚቀረው ፀሐይ፣ ነፋስና ውርጭ ነው። በእነሱ ክረምት፣ በሰኔና በሐምሌ፣ የሌሊቱ ብርድ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይደርሳል።

እኔና ባለቤቴ ሻንጣችንን በጀርባችን አዝለን ደቡብ አሜሪካን ስንዞር ወደዚህ ምድር የገባነው እንደ አብዛኛው መንገደኛ ነው፤ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ተዳብለን፣ በላንድክሩዘር። አስፋልት የለም፤ ምልክት የለም፤ የስልክ ኔትወርክም ለረጅም ሰዓት ይጠፋል። ከእኛ ጋር ሁለት አርጀንቲናውያን እህትማማቾች፣ አንድ ኮሪያዊ ተማሪና አንዲት ጡረታ የወጡ ሆላንዳዊት መምህርት ተሳፈሩ። የነዳጅና የውሃ ጀሪካኑ፣ የጋዝ ሲሊንደሩና የሁላችንም ጓዝ ጣሪያው ላይ ተጭኖ በሸራ ታሰረ። ሾፌራችን በዚያ ባለው ትልቅ የጨው ሜዳ ዳር የተወለዱ፣ ጠና ያሉ የኬችዋ ብሔረሰብ ሰው ናቸው። ይነዳሉ፣ ጎማ ይቀይራሉ፣ ምሳ ያበስላሉ፣ መንገዱን ያለ ካርታ ያውቁታል። ባለቤቴ ስፓኒሽ የተማረችው ከአጎቷ ነው። አጎቷ በደርግ ዘመን ኩባ ተልከው ከተማሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ናቸው። ስለዚህ የፊት ወንበሩ ለእሷ ተለቀቀላት፤ ከሾፌሩ ጋር የተጫወትነውም ሁሉ በእሷ አስተርጓሚነት ነው።

ጉዞው የሚጀምረው ከኡዩኒ ከተማ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የባቡር መቃብር የሚሉት ሜዳ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከእንግሊዝ አገር የመጡ የእንፋሎት ባቡሮች ዝገው፣ ሆዳቸው ተቦርቡሮ፣ አሸዋው ላይ ተደርድረዋል። ጨው ያዘለው ነፋስ ብረቱን ሲበላው ዓመታት አልፈዋል። ከአንዱ ፉርጎ ላይ ሰው ዥዋዥዌ አስሮበታል፤ እህትማማቾቹ ተራ በተራ ተጫወቱበት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1889 እዚህ ሲደርስ ሥራው በአቅራቢያው ካለው ከፑላካዮ የሚወጣውን ብር ወደ አንቶፋጋስታ ወደብ ማውረድ ነበር። ማዕድኑ ሲመናመን ባቡሮቹም ሥራ ፈቱ፤ በቆሙበት ቀሩ።

እዚያ ቆሜ ድሬዳዋን አሰብኩ። እሷም እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በድሬዳዋ ግን ባቡሩ ሰው አመጣ፤ ነጋዴ፣ መካኒክ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቋንቋ በቋንቋ ላይ አመጣ። ሐዲዱ ሲደክም ከተማዋ የቆመችው ባቡሩ ባመጣላት ሰው ነው። እዚህ የማየው ሐዲድ ግን ከመሬት የወጣውን ወደ ባሕር ለማድረስ የተዘረጋ ነው። ኡዩኒ የምትገኘው በፖቶሲ ክፍለ ሀገር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1545 ጀምሮ ብሩ እየተዛቀ ስፔንን ያበለጸገው ያ ዝነኛ ተራራም የዚሁ ክፍለ ሀገር ነው። ተራራው ዛሬም አለ፤ ሰዎች ዛሬም ሆዱን እየቆፈሩ ይኖራሉ። ሀብቱ ያለፈበት መንገድ እንጂ ሀብቱ ራሱ እዚህ አልቀረም።

ቀጥሎ ያለችው መንደር ኮልቻኒ ትባላለች፤ ኑሮዋ ጨው ነው። ሰዎቹ ጨዉን በአካፋ ሰብስበው ጉብ ጉብ ያደርጉታል፤ ውሃው ሲንጠፈጠፍ ወደ መንደር አስገብተው ያደርቁታል፣ ይፈጩታል፣ አዮዲን ይጨምሩበታል። አንዲት ሴት ወለል ላይ ተቀምጣ ከረጢቱን በእጇ ትሞላለች፤ አፉን በትንሽ የጋዝ እሳት እያቀለጠች ታሽገዋለች። ከጎኗ በመጥረቢያ የተቆረጠ የጨው ጡብ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንድ ነጭ ንብርብር፣ ከሱ በላይ ቀጭን ቡናማ መስመር፣ ደግሞ ነጭ፣ ደግሞ ቡናማ። የዝናቡ ወራት ውሃና የደረቁ ወራት አቧራ እየተፈራረቁ የጣሉት ነው። ዓመታቱ በጣት ይቆጠራሉ።

ሾፌራችን ጡቡን ስመረምር አይተው ባለቤቴን፣ «እናንተ አገር ጨው ከየት ይመጣል?» አሏት። ስለ አፋር ነገረቻቸው። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ሜዳ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ እያለፈ፣ ሰዎች ጨዉን በመጥረቢያ ሰንጥቀው፣ በእንጨት ፈንቅለው፣ በልክ ጠርበው ግመል ላይ እንደሚጭኑት፤ ሲራራው በበራህሌ በኩል ወደ መቀሌ እንደሚወጣ፤ አሞሌው በአያቶቻችን ዘመን ገበያ ላይ ገንዘብ እንደነበረ። አሁን መንገድ ተሠርቶ የጭነት መኪና የግመሉን ሥራ እየወሰደው መሆኑንም ጨመረችላቸው። ዝም ብለው ሰሟት። ከዚያ አባታቸው ጨዉን ላማ ላይ ጭነው ለሳምንታት ወደ ቆላው ሸለቆ እንደሚወርዱ፣ በቆሎ ይዘው እንደሚመለሱ ነገሩን። አንድ ላማ ከ25 ኪሎ ብዙ አይበልጥም የሚሸከመው፤ ስለዚህ መንጋው ብዙ፣ መንገዱ ቀስ ያለ ነበር። የእሳቸውንም ዘመን መኪናው ቀየረው፤ አባት ላማ ነድተዋል፣ ልጅ ላንድክሩዘር ይነዳሉ።

አንዱ ጨው ከባሕር ወለል በታች፣ ሌላው ከደመና በላይ። መሣሪያው አንድ ዓይነት መጥረቢያ፣ ልፋቱም አንድ ነው። ጨዉ በየቤቱ ይገባል፤ የቆረጠው ሰው ግን የሚታወቀው በሩቁ ነው። በእኛ ደጋ ስንት ሺህ ወጥ በአፋር ጨው ጣፍጧል! ስለ ጨው ቆራጩ ኑሮ የሚያጫውት ሰው ግን በየስንት ቤት ይገኛል? ከአገሬ ርቄ የሰማሁት የሾፌሩ ጥያቄ ከጉዞው ሁሉ በላይ አብሮኝ ቆየ።

ከኮልቻኒ አልፎ ሳላር ዴ ኡዩኒ ይጀምራል። ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ በዓለም ትልቁ የጨው ሜዳ ነው፤ ሦስት ጣና ያስተኛል። የጥንት ሐይቆች ደርቀው የተዉት ቅሪት ሲሆን ከዳር እስከ ዳር ያለው የከፍታ ልዩነት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጠፍጣፋነቱ የተመሰከረ በመሆኑ ሳይንቲስቶች የሳተላይቶችን ከፍታ መለኪያ ያስተካክሉበታል። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየበረረ የሚቀርብ ነገር የለም፤ ተራራው እዚያው ነው። መኪናው ሲቆም ሁላችንም ወረድን፤ የሚያወራ ሰው ጠፋ። ጨዉ ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል፤ ሲደርቅ ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ እየሠራ፣ ጠርዙ ቀና ቀና እያለ እስከ አድማስ ይሄዳል።

በሜዳው መሐል ኢንካዋሲ የሚባል ኮረብታ አለ፤ ሐይቁ በነበረበት ዘመን ደሴት ነበር። ከድንጋዩ ላይ የጥንቱ ሐይቅ የተወው ቅሪት ተጋግሮ ይታያል። ከዚያ መሐል እስከ 10 ሜትር የሚደርስ ቁልቋል ቆሟል። በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው ይባላል፤ ረጅሞቹ ታዲያ የብዙ መቶ ዓመት ሽማግሌዎች ናቸው። ሾፌራችን አንድ የወደቀ ቁልቋል አሳዩን፤ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ እንጨት ነው። ዛፍ በሌለበት አገር በርና መስኮት የሚሠራው ከዚህ ነበር፤ የየመንደሩ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ እንጨት ተሠርቷል። በረሃ ምንም የለውም የሚል ሰው የሚያሰላው የሌለውን ነው፤ ነዋሪው ያለውን ያውቃል።

ያደርንበት ቤት ግድግዳው ጨው፣ አልጋው ጨው፣ ገበታው ጨው ነበር። ሆላንዳዊቷ መምህርት ብርድ ልብሳቸውን አምጥተው ለባለቤቴ ደረቡላት፤ ራሷን ፈልጧት ነበር። ሾፌራችን የኮካ ቅጠል በሙቅ ውሃ ነክረው ሰጧት። ራሳቸው ቅጠሉን በጉንጫቸው ይዘው ኪንዋ ከሚባለው እህል አገዳ አመድ ከተጋገረ ጥቁር ነገር ቆንጥረው ይጨምሩበታል። ጉንጫቸውን ሳይ ምሥራቅ ሐረርጌ ትዝ አለኝ። ጫት ለእኛ ገበሬ እርሻውም ገንዘቡም ነው፤ ከአገር ሲወጣ ግን ብዙ በር ይዘጋበታል። ኮካም እንደዚሁ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል፤ ቦሊቪያ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ቅጠሉ የጥንት ሕዝቦቿ ቅርስ ነው ብላ ጽፋለች። ቅጠሉን ከሱ ከሚወጣው ኮኬይን ለይተው ያዩታል። ስለ አንድ ቅጠል ከመፍረድ በፊት የሚያላምጠውን ሰው ሥራና አየር ማወቅ ይገባል።

ኮሪያዊው ተማሪ፣ «እናንተስ ከፍታ የለመዳችሁ አይደላችሁም?» አለ። ጥያቄው መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የተመራማሪዋ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሯል። የአንዲስ ሰው ለስስ አየር የሚሰጠው ምላሽ ደሙ ውስጥ ሄሞግሎቢን ማብዛት ነው። የስሜን ሰው ግን የሄሞግሎቢኑም ሆነ የደሙ ኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል ከፍታ ከሚኖር ሰው አይለይም። የቲቤት ሰው ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለው። ሦስት ሕዝቦች አንድ ችግር ገጥሟቸው በሦስት መንገድ ተወጡት። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ከ3,600 ሜትር በላይ ሲያድር ራሱን ቢያመው አይደንቅም።

እራት ሲቀርብ የኪንዋ ሾርባ፣ የላማ ሥጋና ቹኞ ነበር። ቹኞ ድንች ነው፤ ግን የውርጭ ድንች። ሌሊት ሜዳ ላይ ዘርግተው ያስበርዱታል፣ ጠዋት በባዶ እግር ረግጠው ውሃውን ያወጡታል፣ ቀን በፀሐይ ያደርቁታል። ጥቂት ቀን ሲደጋገም ጠቁሮ ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አይበላሽም። የላማውንም ሥጋ ዘልዝለው ቋንጣ ያደርጉታል። ከጎኑ በቲማቲምና በሚያቃጥል ቃሪያ የተፈጨ ዳጣ ይቀርባል፤ እኔና ባለቤቴ ሳህኑን ወደ እኛ አስጠጋነው። እኛን የሚያስጨንቀን ውርጭ ለእነሱ የምግብ ማቆያ ነው።

ኪንዋው የሚበቅለው በጨው ሜዳው ዙሪያ ባለው የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ነው። ፍሬው መራራ ሽፋን ስላለው ታሽቶና ታጥቦ ነው የሚበላው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2013ን የኪንዋ ዓመት ብሎ ሲሰይም ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። የላማ ግጦሽ ታርሶ ኪንዋ ተዘራበት፤ ትራክተር ገባ፤ ከተማ የኮበለለ ልጅ ተመለሰ። ከዚያ ሌሎች አገሮች መዝራት ሲጀምሩ ዋጋው ወደቀ፤ ነፋሱ ደግሞ የታረሰውን ስስ አፈር ይጠርገው ጀመር። እኛ በጤፍ በኩል ሌላ መንገድ መርጠን ነበር፤ ዋጋው በአገር ውስጥ እንዳይንር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ። አንዱ ገበያውን ከፈተ፣ ሌላው ዘጋ። የሁለቱም ገበሬ ግን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በዘራው እህል ዋጋ ላይ ድምፅ እንዲኖረው።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ሐይቆቹ ያቀናል። ላጉና ኮሎራዳ ከ4,200 ሜትር በላይ ላይ ያለ ቀይ ሐይቅ ነው። ቀለሙን የሚሰጡት በውሃው ውስጥ ያሉት ረቂቅ አልጌዎችና ደለሉ ናቸው፤ በዳር በዳሩ የቦራክስ ነጭ ክምር ይታያል። ፍላሚንጎዎቹ አንገታቸውን አጥፈው፣ ምንቃራቸውን ገልብጠው ውሃውን ያጣራሉ። በዓለም ካሉት ስድስት የፍላሚንጎ ዝርያዎች ሦስቱ እዚህ ይኖራሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ጠፍቷል ከተባለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንደገና የተገኘ ነው። ላባቸውን ሮዝ የሚያደርገው ያው የሚበሉት ነገር ነው።

ፍላሚንጎ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ አብያታ ላይ አይተነዋል። ነገር ግን አብያታ ዛሬ ድሮ የምናውቀው ሐይቅ አይደለም። ወንዙ ለመስኖ ተጠልፎ፣ ውሃው ለሶዳ አሽ ተወስዶ ዳርቻው እየሸሸ ሄዷል። ላጉና ኮሎራዳ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በጥብቅ ክልል ውስጥ ነው፤ ነዋሪው ላማውን ያግዳል፣ ጥበቃም ይሠራል፣ ከጎብኚው የመግቢያ ክፍያ ይሰበሰባል። የእኛም አብያታ ፓርክ ውስጥ ነው። ሐይቅ በአጥር አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው ወደ እሱ በሚፈስሰው ውሃ ላይ በሚወሰነው ውሳኔ ነው።

ጎህ ሳይቀድ ሶል ዴ ማኛና ደረስን። ከ4,800 ሜትር በላይ ነው። እንፋሎቱ ከመሬት እየጮኸ ይወጣል፤ ግራጫው ጭቃ በየጉድጓዱ እንደ ገንፎ ይንቦቀቦቃል። ከዚያ ወረድ ብሎ ፍልውሃ አለ፤ ዙሪያው በረዶ፣ ውሃው ሙቅ። ቁርስ ላይ ሾፌራችን ከመጠጣታቸው በፊት ከብርጭቋቸው ጥቂት መሬት ላይ ጠብ አደረጉ፤ ለፓቻማማ፣ ለምድር እናት ነው። ቀድማ ትቅመስ ነው ነገሩ። ባለቤቴና እኔ ተያየን። ለአድባሩ ፈንዲሻ የምትበትነውን፣ ከመጀመሪያው ቡና ጠብ የምታደርገውን የአያቷን ነገር ለሾፌሩ ነገረቻቸው፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ምድር ባለቤት አላት ብሎ የሚያምን ሰው ከሌላው ዓለም ጫፍ ቢመጣም አይጠፋባቸውም።

መንገዱ የሚያልቀው በሊካንካቡር እሳተ ገሞራ ሥር፣ በአረንጓዴው ሐይቅ በላጉና ቨርዴ ነው። ከተራራው ወዲያ ቺሊ ነው። እነዚህ ሐይቆች ያሉበት ጥብቅ ክልል የተሰየመው እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1879 ከቺሊ ጋር በተደረገው ጦርነት በወደቀው በኤድዋርዶ አባሮዋ ስም ነው። በዚያ ጦርነት ቦሊቪያ የባሕር ዳርቻዋን በሙሉ አጣች፤ ብሩን ይዞ ይወርድ የነበረው ባቡር መዳረሻ አንቶፋጋስታም ከዚያ በፊት የቦሊቪያ ነበረች። ቦሊቪያውያን ዛሬም በየዓመቱ ያን ቀን የባሕር ቀን ብለው ያከብሩታል፤ ባሕር ኃይላቸው ቲቲካካ ሐይቅ ላይ ይሠለጥናል። ጉዳዩን ዘ ሄግ እስካለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ድረስ ወስደው እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈርዶባቸዋል። እኛም እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ ባሕር የለንም፤ ታሪካችን ግን የተለየ ነው፤ ኤርትራውያን ከረጅም ጦርነት በኋላ በሕዝበ ውሳኔ ነፃነታቸውን አወጁ። ሾፌራችን ባሕር አይተው አያውቁም። ስለ ባሕሩ ሲያወሩ ግን ቁጣ አልሰማሁባቸውም፤ የልጅ ልጃቸው ዋና እንዲማር እንደሚፈልጉ ነው የነገሩን። ባሕር ያጣ ሕዝብ ባሕሩን መናፈቁ ያለ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር በሰላም እየተገበያየ መናፈቅ ደግሞ ትልቅነት ነው።

በዚህ ምድር የሚመጣው ጥያቄ ግን ከባሕሩ ሳይሆን ከጨዉ ሥር ነው። ከጨዉ ቅርፊት በታች ባለው ውሃ ውስጥ ሊቲየም አለ፤ የስልካችንና የኤሌክትሪክ መኪናው ባትሪ የሚሠራበት ማዕድን ነው። ቦሊቪያ ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ ተለይቶ የታወቀ ሊቲየም አላት፤ በዚህ ከዓለም ቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ናት። መንግሥት ከአንድ የጀርመን ኩባንያ ጋር የገባውን ውል የፖቶሲ ሰው የክልላችን ድርሻ አነሰ ብሎ አደባባይ በመውጣቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሰርዞታል። ብሩ ሲሄድ ያየ ሕዝብ ሊቲየሙ ሳይጠየቅ እንዲሄድበት አልፈለገም። ዝናብ በማይበዛበት አገር ማዕድኑን ለማውጣት የሚፈሰው ውሃ ከማን ጉድጓድ እንደሚቀዳም ይጠይቃሉ። ሀብት ለአገር ይጠቅማል የሚለው ቃል ለእነሱ በቂ አይደለም፤ የባቡር መቃብሩ ከከተማው ዳር ቆሞ ያስታውሳቸዋል።

የእኛም አፋር ከጨዉ ሥር የፖታሽ ሀብት አለው። ዳሎል ቀለሙ ተወርቶለት ጎብኚ ይጎርፍበታል። ወደዚያ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ቢጫውንና አረንጓዴውን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጨው ቆራጩን ሰላም በሉት፤ ስሙን ጠይቁት፤ ስንት አሞሌ እንደሚቆርጥ፣ ስንት እንደሚከፈለው፣ ልጁ የት እንደሚማር ጠይቁት። ሥልጣኑ ያላችሁ ደግሞ ስለ ማዕድኑ ከመፈራረማችሁ በፊት ሂዱና በዚያ ምድር ከሚኖረው ሰው ጋር ተቀመጡ። ባዶ ምድር የሚባል የለም፤ ባለቤቱን ያልጠየቅነው ምድር ነው ያለው።